የጠገራ ብሯ ንግሥት፦ የት፣ መቼና በማን እጅ ተቀረፀች?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ አዋሽንና ሰመራን አልፎ ወደ ጂቡቲ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ዛሬ የሀገራችን የገቢና ወጪ ንግድ ዋና መተላለፊያ ነው። ይህ ቆላ ግን ከመኪናውም ከባቡሩም በፊት የንግድ በር ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ከታጁራ ወደብ የሚነሱ የግመል ቅፍለቶች የአፋርን ምድር አቋርጠው፣ የአዋሽን ወንዝ ተሻግረው ወደ ሸዋ ይወጡ ነበር። በእነዚህ ቅፍለቶች ተጭኖ ከገባው ሁሉ እስከ ዛሬ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ተጠብቆ የሚገኘው የአንዲት ሴት ምስል የተቀረፀበት ክብ ብር፣ ማለትም ጠገራ ብር ነው።

ጠገራ ብር ያለው ሰው ስለ ዕድሜው ቢጠየቅ ብዙውን ጊዜ ገልብጦ ዓመቱን ያሳያል፤ 1780 ይላል። ሻጭም የሚጠራው ዋጋ በዚሁ ቁጥር ላይ የተመሠረተ ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የሚናገረው ብሩ የተሠራበትን ዘመን አይደለም። በሀገራችን ከሚገኙት ጠገራ ብሮች አብዛኞቹ የተመቱት በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። ታዲያ አንድ ጠገራ ብር መቼና የት እንደተሠራ በምን ይታወቃል? ከዚህ በታች የምናየው ይህንን ነው። (ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሴትዮዋ ማን ናት?

በብሩ ላይ የምትታየው ማሪያ ቴሬዛ ናት። በ1717 ተወልዳ ከ1740 ጀምሮ ኦስትሪያን፣ ሃንጋሪንና ቦሄሚያን የገዛች፣ በ1780 ዓመት ኅዳር ወር መጨረሻ ላይ ያረፈች ንግሥት ነች። ባሏ ቀዳማዊ ፍራንሲስ የሮማ ቅዱስ ግዛት ንጉሠ ነገሥት ስለነበር እቴጌ ተብላም ትጠራለች። በብሩ ዙሪያ በላቲን ቋንቋ በአጭሩ የተጻፈውም ይህንኑ ማዕረጓን የሚዘረዝር ነው።

ምስሏ በወጣትነቷ የተቀረፀው አይደለም። ባሏ በ1765 ከሞተ በኋላ የመበለት መጎናጸፊያ ደርባ፣ በፀጉሯ ላይ የዕንቁ ጌጥ አድርጋ፣ ትከሻዋ ላይ በዕንቁ የተከበበ መርፌ ቁልፍ ሰክታ ወደ ቀኝ ስትመለከት ያሳያል። በጀርባው ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ። በንስሩ ደረት ላይ ባለው ጋሻ መካከል የኦስትሪያ፣ በአራቱ ማዕዘን ደግሞ የሃንጋሪ፣ የቦሄሚያ፣ የቡርገንዲና የቡርጋው ዓርማዎች ተቀርፀዋል። ቡርጋው ትንሽ ግዛት ብትሆንም የብሩን የትውልድ ቦታ ለማወቅ ትልቅ ፍንጭ የምትሰጠው እርሷ ናት።

ቡርጋው የምትገኘው በዛሬዋ ጀርመን፣ በባቫሪያ፣ ጉንዝቡርግ በምትባል ከተማ አጠገብ ነው። ጉንዝቡርግ በኦስትሪያ ይዞታ በነበረችበት ዘመን የገንዘብ ማተሚያ ቤት ነበራት። ከምስሉ ግርጌ የሚታዩት «ኤስ» እና «ኤፍ» የሚባሉት ሁለት የላቲን ፊደላትም የንግሥቲቱ ስም ሳይሆኑ የሾብል እና የፋቢ፣ የማተሚያ ቤቱ ሁለት ሹማምንት ስም መነሻዎች ናቸው። ሹማምንቱ የፈረሙት ለብሩ ክብደትና ጥራት ኃላፊ መሆናቸውን ለማሳየት ነው።

ከዚህ ተነስቶ ሁለቱ ፊደላት ያሉበት ሁሉ የጉንዝቡርግ ሥራ ነው ብሎ መደምደም ግን ስህተት ነው። በሌሎች የኦስትሪያ ማተሚያ ቤቶች የሌሎች ሹማምንት ፊደላት ያሉባቸው ብሮች ይሠሩ ነበር። የቀይ ባሕር ገበያ ግን የለመደውን የጉንዝቡርግ መልክ ስለመረጠ ሌሎቹ ማተሚያዎች ምስሉን፣ ዓርማውንና ፊርማውን ጭምር እንዳለ መገልበጥ ነበረባቸው። በመሆኑም ፊርማው በጊዜ ብዛት የሠሪውን ማንነት መግለጡ ቀርቶ የንግድ ምልክት ሆነ።

ዓመቱ ለምን በ1780 ቆመ?

እንደ ልማዱ ንግሥት ስትሞት ገንዘቡ በአዲሱ ንጉሥ ስምና ምስል መቀየር ነበረበት። በኦስትሪያ ውስጥም የሆነው ይኸው ነው። የሌቫንት፣ የዓረብና የቀይ ባሕር ነጋዴዎች ግን አዲሱን መልክ አልፈለጉም። ብር የሚገዛው ነጋዴ «እንደ ድሮው ሥሩልኝ» ሲል መንግሥትም ከሥራው ትርፍ ስለሚያገኝ የሞተችውን ንግሥት ምስል ከነመጨረሻ ዓመቷ ማተሙን ቀጠለ። ኦስትሪያ በ1858 ይህንን ብር ከሀገር ውስጥ መገበያያነት ብታወጣውም ለውጭ ንግድ መምታቱን አላቆመችም። የቪየና ማተሚያ ቤት እስከ ዛሬ ድረስ 1780 የሚል ዓመት እየጻፈበት ያመርተዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልኩ አልተለወጠም። ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ ነው፤ ከ1,000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። በሌላ አነጋገር እያንዳንዱ ጠገራ 23.39 ግራም ወይም 0.752 የከበሩ ማዕድናት አውንስ ንጹሕ ብር ይይዛል። ሰው ያመነው ይህንን አለመለወጡን ነው። በኢትዮጵያ ጠገራው ከገንዘብነቱ ሌላ ሚዛንም ሆኖ አገልግሏል፤ ወርቅ የሚመዘንበት ወቄት የአንድ ጠገራ ብር ክብደት ነበር።

በአፋር ቆላ በኩል

በ19ኛው መቶ ዘመን ጠገራ ብር ወደ ኢትዮጵያ የሚገባባቸው ዋና በሮች ምጽዋ፣ ታጁራና ዘይላ ነበሩ። የሸዋ ነገሥታት ከባሕር ጋር የሚገናኙበት አንዱ መንገድ ከታጁራ ተነስቶ በአፋር ቆላ በኩል፣ አዋሽን ተሻግሮ ወደ አንኮበር የሚወጣው ነው። በ1841 በሻለቃ ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የሄደው በዚሁ ነው። ከ1886 እስከ 1887 ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ለምኒልክ ጠመንጃ ጭኖ የወጣውም በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ ሒሳቡ የተሠራው በጠገራ ነበር።

መጠኑን ለመገመት ትንሽ ስሌት እንሥራ። አንድ ሺህ ጠገራ 28 ኪሎ ይመዝናል፤ አምስት ሺህ ደግሞ 140 ኪሎ፣ ማለትም አንድ ጥሩ የግመል ጭነት ይሆናል። ብር ያዘለ ግመል በረሃውን የሚያልፈው በአፋር ባላባቶች ፈቃድ፣ በአፋር መንገድ መሪዎችና ግመለኞች እጅ ነው። ወደ ደጋው የሚወጣውና በኢትዮጵያ ገበያ እንደ ገንዘብ የሚያገለግለው አሞሌ ጨውም መገኛው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ነው። አሞሌ ከምንጩ እየራቀ በሄደ መጠን ስለሚወደድ በአንድ ጠገራ የሚመነዘረው አሞሌ ብዛት ከገበያ ገበያ ይለያይ ነበር። ስለዚህ ሀገሪቱ ትገበያይባቸው ከነበሩት ሁለት ዋና ገንዘቦች አንዱ የሚመነጨው፣ ሌላኛውም ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱ የሚያልፈው በአፋር ነበር ማለት ነው።

የባቡር ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ የብሩ ጭነት ከግመል ወደ ፉርጎ ዞረ። የአዋሽ ሰባት ከተማም የባቡር ጣቢያ ሆና አደገች። ሰመራ ግን የቅርብ ዘመን ከተማ ናት፤ የአፋር ክልል መቀመጫነቱን የወሰደችው ከአሳይታ ነው።

ከየትኛው ማተሚያ ቤት?

የጠገራውን ምንጭ ለማወቅ በመጀመሪያ ማተሚያ ቤቶቹን በዘመን መደልደል ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ዘመን የጉንዝቡርግ ነው። ማተሚያ ቤቱ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም የ1780ውን ብር መምታቱን ቀጥሎ በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ፣ በናፖሊዮን ጦርነቶች ምክንያት ኦስትሪያ ከተማዋን ስታጣ ሥራው ተቋረጠ። እውነተኛዎቹ የጉንዝቡርግ ብሮች ከሌሎቹ ያነሱ ናቸው፤ ሰብሳቢዎችም ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉት እነርሱን ነው።

ሁለተኛው ዘመን ቪየና፣ ፕራግ፣ ሚላኖና ቬኒስ የሠሩበት ነው። ሚላኖና ቬኒስ በጊዜው በኦስትሪያ እጅ ነበሩ። ኦስትሪያ ሚላኖን በ1859፣ ቬኒስን በ1866 ስላጣች በስሟ የተሠሩት የሁለቱ ከተሞች ብሮች ከእነዚህ ዓመታት ሊያልፉ አይችሉም። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመንና ከዚያ በፊት የገባ ብር ከእነዚህ ከአንዱ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ዘመን ከ1866 እስከ 1935 ያለው ሲሆን ቪየና ብቻዋን የሠራችበት ነው። የናፒየር ጦር በ1867 እና 1868 ወደ መቅደላ ሲዘምት ስንቅና አጋሰስ የሚገዛበት ሌላ ተቀባይነት ያለው ገንዘብ ስላልነበረ እንግሊዞች በሚሊዮን የሚቆጠር አዲስ ጠገራ ከቪየና አስመትተዋል። በአፄ ዮሐንስና በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው አዲስ ብር በብዛት የቪየና ነው።

አራተኛው ዘመን በ1935 ይጀምራል። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ ከኦስትሪያ ጋር ተዋውሎ የማተሚያ ቅርጾቹን ወደ ሮም አስወሰደ። ሮም እስከ 1939 ድረስ በሚሊዮኖች መታች። ሌሎች መንግሥታትም ለቀይ ባሕር ንግዳቸው የራሳቸውን ቅርጽ እየሠሩ ማተም ጀመሩ፤ ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስ በ1930ዎቹ፣ ቦምቤይ በ1940 እና 1941፣ በርሚንግሃም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገቡበት። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ሥራው እንደገና የቪየና ብቻ ሆኗል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ከአድዋ ጦርነት በፊት ከቤተሰብ እጅ መግባቱ በአስተማማኝ የሚታወቅ ጠገራ የሮም፣ የለንደን ወይም የቦምቤይ ሥራ ሊሆን አይችልም። ከወረራው በኋላ የተገኘ ከሆነ ግን የሁሉም ሊሆን ይችላል።

ንግሥቲቱን የሚመስሉ ሌሎች

የሴት ምስል ያለበት አሮጌ ብር ሁሉ ማሪያ ቴሬዛ አይደለም። በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች የሕንድ ሩፒ በሰፊው ይዘዋወር ነበር፤ በእርሱ ላይ ያለችው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ናት። ሩፒው 11.66 ግራም ብቻ ስለሚመዝንና መጠኑም ስለሚያንስ ከጠገራው መለየት አያስቸግርም። እስከ 1876 ያለው «ንግሥት ቪክቶሪያ»፣ ከ1877 ጀምሮ ያለው «እቴጌ ቪክቶሪያ» ይላል። በሩፒውም ላይ ቢሆን ዓመትን ማመን አይቻልም፤ 1862 የሚል ዓመት ያለበት ሩፒ ከዚያ በኋላ ለበርካታ ዓመታት ተመትቷል።

ይበልጥ የሚያሳስተው የጣሊያኑ ነው። ጣሊያን ለኤርትራ በ1890 የንጉሥ ኡምቤርቶን ምስል ያለበት ብር አውጥታ ሰው አልቀበል ስላላት በ1918 ሌላ ዘዴ ሞከረች። ክብደቱንም አቀማመጡንም ከጠገራው ጋር አመሳስላ፣ ወደ ቀኝ የምትመለከት ባለ ዕንቁ ሴትና በጀርባው ንስር ያለበት ብር አወጣች። ሴትዮዋ ግን ማሪያ ቴሬዛም ሌላ ንግሥትም አይደለችም፤ ጣሊያን በሴት ተመስላ ነው። ጽሑፉ የጣሊያን መንግሥት የሚል ሲሆን ዓመቱም 1918 ነው። ገበያው ይህንንም አልተቀበለውም።

የራሳችን ሀገር ልምድም ከዚህ አይርቅም። አፄ ምኒልክ በፓሪስ ማተሚያ ቤት ያስመቱትና 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት ብር ክብደቱ ከጠገራው ጋር እኩል ነበር። በአንድ ወገን የንጉሠ ነገሥቱ፣ በሌላው የአንበሳ ምስል ነበረው። ያም ሆኖ ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጣ አልቻለም። ጠገራ በሕግ ከመገበያያነት የወጣው በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲታወጅ ነው። ስሙ ግን አልወጣም፤ ዛሬ በኪሳችን ያለው ወረቀት «ብር» መባሉ ከዚያው የመጣ ነው።

በእጅ ያለውን ብር እንዴት እንመርምር?

ምርመራው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ብሩ እውነተኛ መሆኑን፣ ቀጥሎ የየትኛው ማተሚያ ቤት እንደሆነ ማየት ነው።

ለመጀመሪያው የወርቅ ቤት ሚዛን ይበቃል። ያልተበላ ጠገራ 28 ግራም አካባቢ፣ ስፋቱም 40 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ማግኔት ሊስበው አይገባም። ጠርዙን ሲያዩ በላቲን «በፍትሕና በምሕረት» የሚል፣ ወደ ውጭ ያበጠ ጽሑፍ በጌጥ ተከፋፍሎ ይገኛል፤ ይህ የንግሥቲቱ መሪ ቃል ነው። በጠርዙ ዙሪያ የመጋጠሚያ መስመር ካለ ብሩ ተመትቶ ሳይሆን በሻጋታ ፈስሶ የተሠራ ነው። ከ1780 ቀጥሎ ትንሽ የተጋደመ መስቀል መኖሩንም ይመልከቱ።

በውሃ መመዘን ደግሞ ብሩን ሳይጎዳ ውስጡን ያሳያል። በዲጂታል ሚዛን ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጠው ንባቡን ዜሮ ያድርጉ። ብሩን በቀጭን ክር አስረው ታችና ጎኑን ሳያስነኩ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ ያንጠልጥሉት። የሚዛኑ ንባብ 2.75 ግራም አካባቢ መሆን አለበት። ክብደቱ 28 ግራም ሆኖ ንባቡ ከ3 ግራም ካለፈ ውስጡ መዳብ ወይም ሌላ ቀላል ብረት ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ደረጃ አጉሊ መነጽርና ትዕግሥት ይጠይቃል። ባለሙያዎች የሚያስተያዩት በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ቅርጽና የዕንቁዎቹን ቁጥር፣ የፀጉር ጌጧን፣ የንስሩን የጅራት ላባዎች፣ በፊደላቱ መካከል ያለውን ርቀትና የነጥቦቹን አቀማመጥ እንዲሁም የጠርዙን ጌጥ ነው። እያንዳንዱ ማተሚያ ቤት አዲስ ቅርጽ በሠራ ቁጥር ቀራፂው ሳያስበው ትንንሽ ልዩነት ይተዋል፤ እውነተኛው ፊርማ ይህ ነው። ኦስትሪያዊው ዋልተር ሃፍነር በ1984 ያሳተመው መዝገብ ብዙዎቹን እንደዚህ ለይቷቸዋል። የኢትዮጵያን ገበያ በተመለከተ ደግሞ የፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ጥናቶች ዋናዎቹ ናቸው።

ይህ መንገድ ወሰን አለው። ሮም የተጠቀመችው ከቪየና በመጡ ቅርጾች ስለሆነ የሁለቱን ሥራ መለየት ለባለሙያም ያስቸግራል። በመተሻሸት የተበላ ብር ላይም በመጀመሪያ የሚጠፋው ከፍ ብሎ የተቀረፀው የትከሻ ጌጥ ነው። የድሮ ነጋዴ የተበላ ወይም የተበሳ ብር አልቀበልም የሚለው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ እርሱም የሚመረምረው ጌጧንና ፊደላቱን ነበረና።

ብሩ ሲታጠብና ሲቀልጥ የሚጠፋው

ምስሉ ብቻውን መልስ በማይሰጥበት ጊዜ የሚረዳው የብሩ ታሪክ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በእንስራ ተቀብሮ የተገኘ ጠገራ ውስጥ አንድ የምኒልክ ብር ከተገኘ እንስራው የተቀበረው ከ1887 ዓ.ም. በኋላ መሆኑ ተረጋገጠ። አንድ የ1918 የጣሊያን ብር ካለበት ደግሞ ከዚያም በኋላ ነው። የሒጃዝ ወይም የነጅድ ማኅተም የተመታበት ጠገራ ቢኖር ብሩ ቀይ ባሕርን ከመሻገሩ በፊት በዓረብ ገበያ ያለፈ መሆኑን ይመሰክራል። ብሮቹ ለአምስት ሰው ከተከፋፈሉና ከተሸጡ ግን እያንዳንዱ 1780 የሚል ተራ ብር ከመሆን አያልፍም።

ጉዳቱ በሦስት መንገድ ይደርሳል። አንደኛው ማጽዳት ነው። በሎሚ፣ በአመድ ወይም በአሸዋ የተፈገፈገ ብር ቢያበራም ለመለየት የሚያስፈልጉት ጥቃቅን መስመሮች ይጠፋሉ፤ ለሰብሳቢ ያለው ዋጋም ይወርዳል። ሁለተኛው ማቅለጥ ነው። አንጥረኞቻችን ከጠገራ መስቀል፣ አምባርና ድሪ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ይህም ራሱ የታሪኩ አካል ነው። ሆኖም ያልተመረመረ ብር ማቅለጥ ያልተነበበ ደብዳቤ እንደ ማቃጠል ነው። ሦስተኛው ታሪኩን አለመመዝገብ ነው። ብሩን ማን፣ ከማን፣ የት፣ በየትኛው ዘመን እንዳገኘው አያቶች በሕይወት ሳሉ ጽፎ ከብሩ ጋር ማስቀመጥ ምንም ወጪ የለውም።

ሕጉንም ማወቅ ይገባል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የተደነገገው አዋጅ ቁጥር 209 በቁፋሮም ሆነ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለቅርስ ባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣትንም ይከለክላል። በአዋሽም ሆነ በሰመራ ለቤት፣ ለመንገድ ወይም ለእርሻ ሲቆፈር የብር ክምችት ቢገኝ መደረግ ያለበት ሳይነካኩ ፎቶ አንስቶ በአካባቢው ለሚገኘው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መንገር ነው። ለማነጻጸር የሚፈልግ ደግሞ በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያሰባሰባቸውን የሀገራችንን የገንዘብ ዓይነቶች ማየት ይችላል።

ለገዢም ለባለቤትም የሚበጀው መለኪያ ይህ ነው፦ 1780 የሚለው ቁጥር ብቻውን ዋጋ አይጨምርም፤ ክብደቱና ጥራቱ የብሩን ዋጋ፣ ጥቃቅን ምልክቶቹ የማተሚያ ቤቱን፣ የተገኘበት ሁኔታ ደግሞ የዘመኑን ነገር ይናገራሉ። «1780 ነው፣ ኦሪጅናል ነው» እየተባለ ከብር ዋጋው እጅግ በላይ ለሚጠየቅበት ጠገራ እነዚህ ሦስቱ ሳይታዩ ገንዘብ መክፈል አይገባም። ባለቤቱም ቢሆን ሦስቱን ሳያይ ለአንጥረኛ መስጠት የለበትም።